የተጨማሪ አየር ፓምፕ ብልሽትን መከላከል፦ በላንቴና በአካባቢው ለሚያገለግሉ የቆዩ የመስክ ተሽከርካሪዎች

ከአርባምንጭ በስተሰሜን ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ላንቴ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጋሞ ዞን በሙዝ እርሻቸው ከሚታወቁት ቆላማ ቀበሌዎች አንዷ ናት። በስተምዕራብ የጋሞ ደጋማ ተራሮች፣ በስተምሥራቅ የአባያ ሐይቅ የሚያዋስኗት ይህች አካባቢ ለእርሻ የተመቸችውን ያህል ለተሽከርካሪ አትመችም። በበጋ ከጥርጊያ መንገዱ የሚነሣው አቧራ፣ በዝናብ ወራት ከደጋው የሚወርደው ጎርፍና ከሐይቁ ዳርቻ የማይለየው እርጥበት ብረትንም የኤሌክትሪክ መሥመርንም ይበላሉ። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ዓመታትን ያስቆጠሩ የመስክ ተሽከርካሪዎች ከእርሻ ወደ አስፋልት፣ ከአስፋልት ወደ ገበያና ወደ ጤና ተቋም ይመላለሳሉ።

ከእነዚህ ተሽከርካሪዎች በአንዳንዶቹ ላይ የሚደርስና ባለንብረቶችን ግራ የሚያጋባ አንድ ብልሽት አለ። ሞተሩ ማለዳ እንደወትሮው ይነሣል። ጥቂት ቆይቶ የ«ቼክ ኢንጂን» መብራት ይበራል። ከዚያም የነዳጅ መርገጫው ቢረገጥም ተሽከርካሪው ከዝግተኛ ፍጥነት አያልፍም። ይህ የሚሆነው ወላድ ወይም ሕመምተኛ ይዞ ወደ አርባምንጭ በሚገሠግሥበት፣ አሊያም ወደ ጨንቻ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት በጀመረበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ባለንብረቱ የነዳጅ ፓምፕ፣ ካንዴላ ወይም ካምቢዮ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል። በብዙ አጋጣሚ ግን መነሻው በቀን አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ነው። የፓምፑን መበላሸት ከተሽከርካሪው ዕድሜ ጋር ብቻ ማያያዝ የተለመደ ቢሆንም፣ ዋነኛው ምክንያት ውሃ ነው፤ ውሃውን መከላከል ደግሞ በባለንብረቱ እጅ ያለ ጉዳይ ነው።

ፓምፑ ምን ይሠራል?

በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ቀዝቅዞ ባደረበት ሰዓት ለመነሣት ከወትሮው የበለጠ ነዳጅ ይፈልጋል። ከዚህ ነዳጅ የተወሰነው ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ከእርሱም ጋር መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ይወጣል። ይህን ጭስ ለማጣራት የተሠራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው ክፍል ሥራውን የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲሞቅ በመሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ቀዝቃዛ ነውና አይረዳም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት አንዳንድ አምራቾች ሰከንደሪ ኤር ፓምፕ በመባል የሚታወቀውን ተጨማሪ አየር ማስገቢያ ፓምፕ ይገጥማሉ። ፓምፑ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር ሲሆን፣ ንጹሕ አየር ስቦ በቱቦና በቫልቭ በኩል ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ጭስ ላይ ይነፋል። ያልተቃጠለው ነዳጅ ከአየሩ ጋር ተገናኝቶ እዚያው ጭስ ማውጫው ውስጥ ይቃጠላል፤ የሚፈጠረው ሙቀትም ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ቶሎ ያሞቀዋል። እንደ ሞዴሉና እንደ ሞተሩ ሙቀት ከ20 እስከ 90 ሰከንድ ከሠራ በኋላ ፓምፑ ይቆማል፤ ቫልቩም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ተሽከርካሪው ቀኑን ሙሉ ቢጓዝ እንኳ ሞተሩ እንደገና እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፓምፑ አያስፈልግም።

ፓምፑ ሲቆም የሚዘጋው ይህ ቫልቭ ከፓምፑ ያላነሰ ትኩረት ይሻል። በአንድ ወገኑ ንጹሕ አየር፣ በሌላው ወገኑ እንፋሎትና ጥላሸት ያዘለ ትኩስ ጭስ አለ። ቫልቩ በሚገባ ሳይዘጋ ከቀረ ጭሱ በቱቦው ተመልሶ ወደ ፓምፑ ይገባል። አንዳንድ ተሽከርካሪዎች ጉልበት የሚያጡትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ኮምፒዩተሩ ቫልቩ ተከፍቶ መቅረቱን ሲያውቅ፣ ትኩሱ ጭስ ተጨማሪ ጉዳት እንዳያደርስ የሞተሩን ኃይል ሆን ብሎ ይገድባል።

ክፍሉ በየትኞቹ ተሽከርካሪዎች ላይ ይገኛል?

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት አብዛኞቹ በገጠር የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ይህ ክፍል የሌላቸው መሆኑን ነው። በናፍጣ የሚሠሩት፣ «ሃርድቶፕ» በሚል ስም የሚታወቁትን የላንድክሩዘር ዓይነቶች ጨምሮ፣ ይህን ፓምፕ አይጠቀሙም። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ ተሠርተው በዱባይ በኩል የገቡ የቤንዚን ተሽከርካሪዎችም አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ የላቸውም።

ክፍሉ የሚገኘው የጭስ ደንባቸው ጥብቅ ለሆነ አገሮች፣ በተለይም ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ በተሠሩት ላይ ነው። ለአሜሪካ ገበያ ከቀረቡት የቶዮታና የሌክሰስ ምርቶች መካከል ከ2005 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ የተሠሩ ባለ 4.7 ሊትር፣ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ ባለ 5.7 ሊትር ቪ8 ሞተሮች፣ እንዲሁም ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፎርራነርና በኤፍጄ ክሩዘር ላይ የተገጠመው ባለ 4 ሊትር ቪ6 ይጠቀሳሉ። ከአውሮፓ ምርቶችም የቮልስዋገን ቱዋሬግ፣ የመርሴዲስ ኤምኤልና የቢኤምደብሊው ኤክስ5 የቤንዚን ሞዴሎች በብዛት ይህ ክፍል አላቸው። እንዲህ ያሉ ተሽከርካሪዎች ወደ አገር የሚገቡት በአብዛኛው ከውጭ በሚመለሱ ዜጎች፣ በዓለም አቀፍ ድርጅቶችና በዲፕሎማቶች በኩል ሲሆን፣ ኋላ በሽያጭ ወደ ክፍለ ሀገር ይወርዳሉ። ሁለት ላንድክሩዘሮች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ፓምፕ ሲኖረው ሌላው ላይኖረው ስለሚችል፣ የተሽከርካሪውን ስም ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል። አስተማማኙ መንገድ በሊብሬው ላይ የሠፈረውን የሻንሲ ቁጥር ለመለዋወጫ አቅራቢ ሰጥቶ ማጣራት ወይም ኮፈኑን ከፍቶ ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ጋር የተያያዘ የአየር ቱቦና ቫልቭ መኖሩን ማየት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ ቀደም ሲል የገቡት ተሽከርካሪዎች ለረጅም ዓመታት በአገልግሎት ላይ እንደሚቆዩ ይጠበቃል። ስለዚህ ቀድሞ የማይታሰብላቸው እንዲህ ያሉ ክፍሎችም እንክብካቤ ይሻሉ።

ውሃ ፓምፑን እንዴት ያበላሻል?

የጋሞ ቆላማ አካባቢ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉት። ዋነኛው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት ወራት ይዘንባል። በእነዚህ ወራት እንደ ሐሬ ያሉ ከደጋ የሚነሡ ወንዞች ሞልተው ወደ አባያ ሲወርዱ፣ የእርሻ መንገዶችና መሻገሪያዎች በውሃ ይሸፈናሉ።

ፓምፑ በአንዳንድ ሞዴሎች ከፓራፋንጎው ሥር፣ በሌሎች ከሞተሩ ጎን ዝቅ ብሎ ይገጠማል። አየር የሚስብበት አፍ የስፖንጅ ማጣሪያ ቢኖረውም፣ ማጣሪያው አቧራን እንጂ ውሃን አይመልስም። ብዙ አሽከርካሪዎች የማያውቁት ነገር ከዚህ ይከተላል። ከግቢ ወጥቶ ወዲያው ጎርፍ የሚሻገር ተሽከርካሪ፣ ሩቅ ተጉዞ ከሚሻገረው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ሞተሩ በተነሣ በመጀመሪያዎቹ 90 ሰከንዶች ፓምፑ አየር በኃይል እየሳበ ስለሆነ፣ አፉ አጠገብ የደረሰውን ውሃም አብሮ ይስባል። አሽከርካሪው ሁለት ደቂቃ ያህል ቢታገሥና የፓምፑ ድምፅ ከቆመ በኋላ ቢሻገር፣ ያው ውሃ ያን ያህል ጉዳት ላያደርስ ይችላል።

ስኖርክል የተገጠመላቸው ተሽከርካሪዎች ባለንብረቶችም መዘናጋት የለባቸውም። ስኖርክል ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከፍ ካለ ቦታ እንዲሳብ ያደርጋል፤ ፓምፑ የራሱ መሳቢያና ማጣሪያ ባለው ሞዴል ላይ ግን ለፓምፑ የሚሰጠው ጥበቃ የለም።

ሌላው የውሃ መግቢያ ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ጭስ ውስጥ ከፍተኛው ድርሻ ካላቸው ነገሮች አንዱ እንፋሎት ነው። በጥላሸት ምክንያት አልዘጋ ያለ ቫልቭ ካለ፣ እንፋሎቱ ወደ ቱቦው ተመልሶ ይገባና ሌሊት ሲቀዘቅዝ ወደ ውሃ ይለወጣል። ተሽከርካሪው ከእርሻ እስከ አስፋልት ያለውን አጭር ርቀት ብቻ እየተመላለሰ የሚውል ከሆነ ሞተሩም ጭስ ማውጫው በሚገባ ስለማይሞቅ ይህ ውሃ አይደርቅም። ቀስ በቀስ የፓምፑ ኩሽኔታ ይዝጋል፤ መዞርም ያቅተዋል። ማለዳ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው መዞር ያልቻለ ፓምፕ ከመጠን ያለፈ ኃይል ይስብና ፊውዙን ያቃጥላል።

ጉዳቱ የሚታየው ጎርፍ በተሻገሩበት ዕለት አለመሆኑም ሊታወቅ ይገባል። ፓምፑ ዳግመኛ የሚነሣው በማግሥቱ ማለዳ ነው፤ ዝገት ሥራውን ጨርሶ ብልሽቱ እስኪገለጥ ደግሞ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። በዚህም ምክንያት ባለንብረቱ ብልሽቱን ከጎርፉ ጋር አያያይዘውም። ፓምፑን ያስለውጣል፣ የመሻገር ልማዱን ግን አይለውጥም።

ምርመራው ለምን ማለዳ፣ በቤት ይሻላል?

ጤነኛ ፓምፕ ከቀዝቃዛ ሞተር ጋር ሲነሣ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ወይም እንደ ቤት መጥረጊያ ማሽን ያለ የማያቋርጥ የማፏጨት ድምፅ ያሰማል፤ ከአንድ ደቂቃ ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ውስጥም ዝም ይላል። ድምፁ ቀድሞ ከነበረው ከወፈረ፣ የመፋጨት ወይም የማንኳኳት ባሕርይ ካመጣ ኩሽኔታው እየተበላሸ ነው፤ አሊያም የተበጣጠሰ የማጣሪያ ስፖንጅ ገብቶበታል። ጨርሶ ካልተሰማ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ መሥመሩ ወይም ራሱ ፓምፑ መመርመር አለበት። ከሁለት ደቂቃ በላይ ሳያቋርጥ ከጮኸ ደግሞ የሪሌው መገናኛ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ሞተሩን አጥፍቶ ሪሌውን መንቀል ይገባል። ለአጭር ጊዜ ሥራ የተዘጋጀ ፓምፕ ያለማቋረጥ ሲዞር ይግላል፤ ፕላስቲኩም ሊቀልጥ ይችላል።

ከላንቴ ተነሥቶ አርባምንጭ ወደሚገኝ ጋራዥ የሚሄድ ባለንብረት በዚህ ረገድ ችግር ይገጥመዋል። ተሽከርካሪው ጋራዥ እስኪደርስ ሞተሩ ይሞቃል፤ ፓምፑም አይነሣም። መካኒኩ ድምፁን ሳይሰማ ጥፋቱን በግምት ይወስናል፤ ግምት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ ዕቃ ወጪ ይጠናቀቃል። ስለዚህ ባለንብረቱ ማለዳ በቤቱ ሞተሩን ሲያስነሣ የሚሰማውን በስልኩ ቀርጾ ለመካኒኩ ቢያሰማው ወይም ተሽከርካሪውን ጋራዥ አሳድሮ ማለዳ እንዲታይለት ቢያደርግ ይሻላል። ፓምፑን በሞቀ ሞተርም ላይ ማስነሣት የሚችል የኮምፒዩተር መመርመሪያ ያለው ጋራዥ ከተገኘ ግን ማሳደር ላያስፈልግ ይችላል።

ድምፁን ለማዳመጥ ሞተር የሚነሣበት ቦታ ክፍት መሆን አለበት። ፓምፑ የማይሠራ ተሽከርካሪ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከወትሮው ይበልጣል። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በተዘጋ መጋዘን ወይም ከመኝታ ክፍል ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል።

ከዝናብ ወራት በፊት የሚደረግ እንክብካቤ

የእንክብካቤው ዋና ሥራ በየካቲት መጨረሻና በነሐሴ፣ ማለትም ከሁለቱ የዝናብ ወቅቶች አስቀድሞ ቢከናወን ይመረጣል። ባለሙያው የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ካላቀቀ በኋላ የፓምፑን መሳቢያ ማጣሪያ ያወጣል። የስፖንጅ ማጣሪያ በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ስለሚደርቅ በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ መለወጥ አለበት፤ ፍርፋሪው ወደ ፓምፑ ገብቶ መዘውሩን ያንቃልና። ስፖንጁ ያረጀ ሆኖ ሳለ «አጽድቶ መመለስ» ቁጠባ አይደለም።

ከዚያም በፓምፑና በቫልቩ መካከል ያለው ቱቦ ይላቀቃል። የቱቦው ውስጠኛ ክፍል ብዙ ይናገራል። ንጹሕና ደረቅ ከሆነ ቫልቩ በደህና ይዘጋል ማለት ነው። ጥቁር ጥላሸት ወይም የውሃ ጠብታ ከተገኘበት ቫልቩ ጭስ እያሳለፈ ነው፤ ፓምፑ እስካሁን ቢሠራም ዕድሜው አጭር ነው። ቫልቩ በቫኪዩም በሚታዘዝባቸው የአውሮፓ ምርቶች ላይ ቀጫጭኖቹ የጎማ ቱቦዎች በሙቀት ተሰነጣጥቀው እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ ትንሽ ስንጥቅ ቫልቩ እንዳይከፈት ያደርጋል፣ ጥፋቱ ግን በፓምፑ ላይ ይላከካል። ሙዝና እህል በሚከማችበት አጠገብ የሚያድር ተሽከርካሪ ከሆነ አይጥ የበላው የኤሌክትሪክ መሥመር መኖር አለመኖሩም አብሮ ይታያል።

የኤሌክትሪክ መሥመሩ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፓምፑ ሲነሣ የሚስበው ኃይል ከፍተኛ በመሆኑ ከ40 እስከ 60 አምፔር የሚደርስ የራሱ ፊውዝ አለው። የተቃጠለን ፊውዝ ከፍ ባለ አምፔር ወይም በሽቦ መተካት፣ ፓምፑ ተይዞ ሳለ መሥመሩ እንዲግልና እሳት እንዲነሣ በር ይከፍታል። ፊውዙ በተመሳሳይ መጠን ተለውጦ እንደገና ከተቃጠለ መቆም ያለበት እዚያ ላይ ነው፤ ሦስተኛ ፊውዝ መግዛት አያስፈልግም።

ሌሎቹ ጉዳዮች በአጠቃቀም የሚታረሙ ናቸው። በአጭር ርቀት ብቻ የሚመላለስ ተሽከርካሪ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ ቢነዳ በጭስ ማውጫው ውስጥ ያደረው ውሃ ይደርቃል። ለረጅም ጊዜ የሚቆም ከሆነም በየሳምንቱ ከቀዝቃዛ ሞተር ማስነሣትና ፓምፑ ሥራውን እስኪጨርስ መጠበቅ ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወዲያው ማጥፋት ሳይሆን ሞተሩ በሚገባ እስኪሞቅ መንዳት ያስፈልጋል። ካንዴላዎችን በወቅቱ መለወጥ፣ ዘይት የሚበላ ሞተርንም ማሳከም ቫልቩን የሚያደፍነውን ጥላሸት ይቀንሳል። በላቫጆ ሞተር ሲታጠብ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ ወደ ፓምፑ መሳቢያ እንዳይረጭ ለአጣቢው መንገር ይገባል፤ በጎርፍ ያመለጠ ፓምፕ በላቫጆ እንዲበላሽ መፍቀድ ያሳዝናል።

ጥልቅ ውሃ መሻገር ግድ ሆኖ ከተገኘና ውሃው ከጎማው እምብርት በላይ ከደረሰ፣ ተሽከርካሪው በማግሥቱ ማለዳ ከመነሣቱ በፊት የፓምፑን ቱቦ አላቅቆ ውሃ መግባት አለመግባቱን ማየት ያስፈልጋል። ውሃ ከተገኘ ፓምፑ ተፈትቶ ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪደርቅ ድረስ ሪሌው ተነቅሎ ቢቆይ ይመረጣል። ይህን በሚያደርጉበት ጊዜ መብራቱ ሊበራ ይችላል፤ ፓምፑን በውሃ ተሞልቶ ከማዞር ግን የመብራቱ መብራት ይሻላል።

መብራቱ ከበራ በኋላ

የ«ቼክ ኢንጂን» መብራት ሲበራ የኮምፒዩተር ምርመራው የሚያወጣውን ኮድ በጽሑፍ መቀበል የባለንብረቱ መብት ነው። ፒ 0410 እና ፒ 0411 የአየር ሥርዓቱ በጥቅሉ በአግባቡ አለመሥራቱን ወይም የአየሩ ፍሰት ትክክል አለመሆኑን ያመለክታሉ። ፒ 0418 የሪሌውን መሥመር ይመለከታል። ፒ 2440 እና ፒ 2442 ቫልቭ ተከፍቶ መቅረቱን፣ ፒ 2441 እና ፒ 2443 ተዘግቶ መቅረቱን ይገልጻሉ፤ ሁለት ሁለት የሆኑት ለሞተሩ ሁለት ወገኖች ነው። ፒ 2444 ፓምፑ አልቆም ማለቱን፣ ፒ 2445 ደግሞ አለመነሣቱን ያሳያል። ኮዱ የጥፋቱን አቅጣጫ ይጠቁማል እንጂ የሚለወጠውን ዕቃ አይወስንም። ለምሳሌ ፒ 2445 በወጣበት ተሽከርካሪ ላይ የተበላሸው ፓምፑ ሳይሆን ሪሌው ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የሪሌና የፓምፕ ዋጋ ደግሞ አይወዳደርም። ስለሆነም ፓምፕ ከመገዛቱ በፊት ፊውዙና ሪሌው መፈተሻቸውን፣ በፓምፑ ሶኬት ላይም ሞተሩ ሲነሣ 12 ቮልት መድረሱን መካኒኩ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኤሌክትሪኩ ደርሶት ፓምፑ ካልዞረ ያን ጊዜ ጥፋቱ የፓምፑ ነው።

ኮዱን በማሽን ማጥፋት ጥገና አይደለም። የተገደበው የሞተር ኃይል ለጊዜው ሊመለስ ቢችልም፣ በሚቀጥለው ማለዳ ሥርዓቱ ራሱን ሲፈትሽ ብልሽቱ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ተሽከርካሪ «ተሠርቷል» ብሎ ወደ ጨንቻ ዳገት ማውጣት ወይም ሕመምተኛ መጫን ኃላፊነት የጎደለው ተግባር ነው። በመንገድ ላይ ኃይል ያጣ ተሽከርካሪ አሽከርካሪም ለመቅደም ከመሞከር ተቆጥቦ፣ የአደጋ መብራቱን አብርቶ ዳር መያዝ አለበት።

ፓምፑን ሳይጠግኑ ኮምፒዩተሩን ዝም የሚያሰኙ መሣሪያዎችም በገበያ ላይ አሉ። መሣሪያው መብራቱን ያጠፋል፤ ተከፍቶ የቀረውን ቫልቭ ግን አይዘጋም፤ ትኩሱ ጭስም ወደ ቱቦው መመለሱን ይቀጥላል። በጭሱ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ሳይቆጠር ማለት ነው።

ለውጥ የግድ ከሆነ ፓምፕና ቫልቭ አብረው መታየት አለባቸው። ብዙ ባለንብረቶች ለሁለተኛ ጊዜ ወጪ የሚዳረጉት እዚህ ላይ ነው። ጭስ በሚያሳልፍ ቫልቭ ላይ አዲስ ፓምፕ መግጠም አዲሱን ፓምፕ ለአሮጌው ዕጣ መስጠት ነው። ከሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ የመለዋወጫ ገበያ ያገለገለ ፓምፕ የሚገዛ ሰው፣ በዕቃው ላይ የተጻፈው የመለያ ቁጥር ከራሱ ጋር መመሳሰሉን ማረጋገጥ፣ ዕቃውን ነቅንቆ ውሃ ወይም የተፈታ ነገር አለመኖሩን ማድመጥና በባለሙያ እጅ፣ ፊውዝ ባለው ወፍራም ገመድ ከባትሪ ጋር ለጥቂት ሰከንድ አገናኝቶ ሲዞር መስማት ይኖርበታል። ቶዮታ በአሜሪካ ለሸጣቸው አንዳንድ ባለ ቪ8 ሞዴሎች የዚህን ክፍል ዋስትና ማራዘሙ ይታወቃል፤ ሆኖም ይህ ዋስትና እዚያው አገር የሚሠራ ስለሆነ እዚህ ያለ ባለንብረት ሊመካበት አይችልም።

ስለ ዓመታዊ ምርመራና ስለ ግዥ

ዓመታዊውን የቴክኒክ ምርመራ ያለፈና ቦሎ የተለጠፈለት ተሽከርካሪ ፓምፑ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ወደ ምርመራ የሚቀርብ ባለንብረት መብራቱን በዋዜማው አስጠፍቶ ከመቅረብ ይልቅ፣ ብልሽቱን አስጠግኖ ጥቂት ቀናት ነድቶ መቅረቡ ለራሱ ይጠቅመዋል።

ያገለገለ የመስክ ተሽከርካሪ ሊገዛ ያሰበ ዜጋም ከሻጩ ጋር ቀጠሮውን በማለዳ ቢያደርግ መልካም ነው። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው፣ በእጁ ኮፈኑን ነክቶ ሙቀቱን ማወቅ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ግዥውን ለሌላ ቀን አስተላልፎ፣ ቀዝቅዞ ባደረ ሞተር ላይ የፓምፑን ድምፅ እስከሚሰማና ቁልፉ ሲከፈት የ«ቼክ ኢንጂን» መብራት በርቶ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋቱን እስከሚያይ ድረስ ቀብድ አለመክፈሉ ይመከራል። ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል፣ በኮምፒዩተር ሳይመረመር ውል መፈረም አይገባም።